የሆልተር ምርመራ፦ የሙሉ ቀን የልብ ቀረጻ በትንሽ መሣሪያ እንዴት ይያዛል?

«ኢሲጂ ተነስቼ ደህና ነህ ተባልኩ፤ ልቤ ግን አሁንም በድንገት ይደልቃል» የሚሉ ታካሚዎች ብዙ ናቸው። መደበኛው ኢሲጂ የሚመዘግበው 10 ሰከንድ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ መጥቶ የሚሄድ የልብ ምት መዛባት ሊያመልጠው ይችላል። በዚህ ጊዜ ሐኪምዎ ሆልተር ሊያዝልዎት ይችላል።

ሆልተር ምንድን ነው?

ደረት ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች የልብን የኤሌክትሪክ ሞገድ ብዙውን ጊዜ ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ነው። ስሙን ያገኘው ከፈጠረው አሜሪካዊ ከኖርማን ሆልተር ነው። የእሱ የመጀመሪያ መሣሪያ በጀርባ የሚታዘልና 38 ኪሎ ያህል የሚመዝን ነበር።

ቀረጻው ለምን ይታመቃል?

መሣሪያው ልብዎን በሰከንድ 250 ጊዜ ቢለካ፣ በ24 ሰዓት ከአንድ መስመር ብቻ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቁጥር ይሰበስባል። ይህን ሁሉ መያዝና መላክ ቦታና ባትሪ ስለሚፈጅ የመረጃው መጠን እንዲያንስ ይደረጋል። ይህም ማመቅ ይባላል። ሁለት መንገዶች አሉት፦

• ምንም ሳይጠፋ ማመቅ፦ ከ500 ቀጥሎ 502 ቢመጣ «2 ጨምሯል» ብቻ ተብሎ ይመዘገባል። ሲከፈት ቀረጻው እንደነበረ ይመለሳል።
• ጥቃቅኑን ጥሎ ማመቅ፦ ይበልጥ ቦታ ይቆጥባል። ከመጠን ካለፈ ግን ከትልቁ ሞገድ በፊት የምትታየው ትንሿ ሞገድ ልትደበዝዝ ትችላለች።

ያቺ ትንሽ ሞገድ መኖር አለመኖሯ ትልቅ ትርጉም አለው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በተባለው የምት መዛባት ጊዜ አትታይም። ይህ መዛባት ልብ ውስጥ ደም እንዲረጋና ስትሮክ እንዲከሰት ሊያደርግ ይችላል፤ በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቫቸው በተጎዳ ሰዎች ላይም ይታያል። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ያስፈልግዎት እንደሆነ የሚወሰነው እንዲህ ያለውን ቀረጻ በማየት ጭምር ነው።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• ኤሌክትሮዶቹ እንዳይላቀቁ ይጠንቀቁ። መሣሪያውን ውኃ አያስነኩ፤ ስለ ገላ መታጠብ አስቀድመው ይጠይቁ።
• ልብዎ ሲደልቅ ወይም ሲያዞርዎት ሰዓቱን ይጻፉ። መሣሪያው በፈረንጅ ሰዓት ሊሠራ ስለሚችል «ከጠዋቱ» ወይም «ከምሽቱ» ብለው ይለዩ።
• ከመቱ፣ ከጎሬ ወይም ከበደሌ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ከተባሉ፣ መሣሪያው መቼና የት እንደሚመለስ ሳይጠይቁ አይነሱ።
• የኢሲጂ ወረቀት ፎቶ በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ። እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራምም ስለሚያምቀው ጥቃቅኑ መስመር ይደበዝዛል። ዋናውን ወረቀት ከፀሐይና ከሙቀት ያርቁ፤ ጽሑፉ ይጠፋል።

ውጤት የማይጠበቅበት ጊዜ

ራስዎን ከሳቱ፣ ደረትዎን አጥብቆ ካመመዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ፊትዎ ከተጣመመ ወይም አንድ ጎንዎ ከዛለ፣ ወዲያውኑ በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ፤ በመቱ አካባቢ ከሆኑ ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል። የጀመሩትን መድኃኒት ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ።