ቀለህ የማይጣልበት ዘመን

አርሲ ሲባል የእኛ ዕድሜ ልጅ ትዝ የሚለው ሩጫ ነው። አሰላ ኃይሌን ሰጠችን፣ በቆጂ ደግሞ ደራርቱንና ቀነኒሳን። ከዚያ ቢያልፍ የስንዴና የገብስ አገር መሆኑን እናውቃለን። ከደጋው ወደ አዋሽ ቆላ በሚወርደው በኩል ያለችውን አቦምሳን በካርታ ላይ አሳዩ ብንባል ግን አብዛኞቻችን ጣታችን ይንከራተታል። ዛሬ ወደዚያ አገር እንሄዳለን፤ የምንሄደው ግን ሩጫ ፍለጋ ሳይሆን ጥይት ፍለጋ ነው።

ለምን ጥይት? በአሜሪካና በአውሮፓ አንድ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አለ። ሰዎች የ19ኛውን መቶ ዘመን ባለ ካዝና ጠመንጃ አስመስሎ የተሠራ አዲስ ጠመንጃ ይገዛሉ (የጣልያን ፋብሪካዎች በዚህ ሥራ ስም አላቸው)። ከዚያ ጥይቱን እንደ ጥንቱ በጥቁር ባሩድ አንድ በአንድ በእጃቸው እየሞሉ ቅዳሜና እሁድ ዒላማ ይተኩሳሉ። ጢሱም፣ ሽታውም፣ ድምፁም ደስ ይላቸዋል። እኛ ስለዚህ ጨዋታ ስናነብ አንድ ነገር ገረመን። ለቅድመ አያቶቻችን እኮ ይህ ጨዋታ አልነበረም! በአንድ ጥይት ሰው ይኖራል ወይም ይሞታል፤ አገርም ይያዛል ወይም ይለቀቃል።

ስለ ጠመንጃማ ብዙ ተዘፍኗል። ስናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ለበን እያልን ስማቸውን እስከ ዛሬ እንጠራለን። ውጅግራ ያልነው ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» የሚሉትን ነው። ስለ ጥይቱ ግን ማን አወራ? ጥይት የሌለው ጠመንጃ ከዱላ በምን ይሻላል?

እስኪ የውጅግራን ጥይት እንፍታው። ጠመንጃው የ1874 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት ሲሆን አፈ ሙዙ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ጥይቱ አራት ነገር አለው፤ የናስ ቀለህ፣ 5 ግራም ከሩብ ያህል ጥቁር ባሩድ፣ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስና ከቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው ትንሿ መቀጣጠያ። ከአራቱ ሁለቱን አገር ውስጥ ማግኘት ይቻላል። ባሩድ ከሰል፣ ድኝና ከአፈር ታጥቦ የሚወጣ ጨው ነው፤ አገራችን ውስጥ ባሩድ መቀመም ከውጅግራ በፊትም የታወቀ ሙያ ነበር። እርሳስም ይቀልጣል፣ በቅርጽ ይፈስሳል። ቀለሁና መቀጣጠያው ግን ከባሕር ማዶ ነው የሚመጡት። ስለዚህ የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም። ይለቀማል፣ ይጸዳል፣ መቀጣጠያ ከተገኘ እንደገና ይሞላል። በደንብ ያልተቀመመ ባሩድ ኃይሉ ያንሳል፤ ጥቁር ባሩድ ሁሉ ደግሞ የጠመንጃውን አንጀት በጥላሸት ይሞላዋል። ደጋግሞ የተሞላ ቀለህም አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ቢሆንም ከባዶ እጅ ይሻላል።

አሁን አንድ ዓመት እንያዝ፤ እ.ኤ.አ. 1886። (ለማነጻጸር እንዲመች ከዚህ በታች ያሉትን ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልን በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልን።) በዚያ ዓመት ሦስት ነገሮች ሆኑ።

አንደኛ፣ ፈረንሳይ ጢስ በሌለው ባሩድ የሚተኩሰውን ለበን ጠመንጃ አወጣች። በአንድ ጊዜ የአውሮፓ ጦር መሣሪያ ሁሉ አሮጌ ሆነ። ውጅግራው፣ ሬሚንግተኑ፣ የጣልያኑ ቬተርሊ፣ ሁሉም ጥቁር ባሩድ ተኳሽ ነበሩ። አሮጌ ዕቃ ደግሞ ገበያ ይፈልጋል። ገበያው የት ተገኘ? በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ወደ ሸዋ በሚወስደው የቅፍለት መንገድ ላይ።

ሁለተኛ፣ ሐረር ላይ «የራምቦ ቤት» እያልን የምናውቀው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ፣ ግጥሙን ትቶ ጠመንጃ ነጋዴ ሆኖ ታጁራ ላይ ቅፍለቱ እስኪነሳለት ይጠብቅ ነበር። ከሸሪኩ ከላባቱ ጋር ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ የያዘው 2,040 አሮጌ የካፕሱል ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነው። የጠየቁት ዋጋ ለአንዱ ጠመንጃ 15 ጠገራ ብር፣ ለሺህ ጥይት 60 ጠገራ ብር ነበር። ሒሳቡን እንሥራው። በአንድ ጠገራ ብር 16 ወይም 17 ጥይት ይገዛል፤ 250 ጥይት የተኮሰ ሰው ደግሞ የአንድ ጠመንጃ ዋጋ ጢስ አድርጎ ለቀቀ ማለት ነው። ላባቱ መንገዱ ሳይጀመር ሞተ። ራምቦ በ1887 የካቲት ግድም አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ ሐረር ነበሩ፤ በኋላ እንጦጦ ላይ ተገናኝተው ዋጋውን ቆርጠው አስቀሩበት። ገጣሚው እያለቀሰ ሄደ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጥይት እንዲህ ውድ ስለነበር ገንዘብም ሆነ። በብዙ የአገራችን ገበያዎች ጠገራ ብር ለትንሽ ዕቃ ይበዛ ስለነበር፣ አሞሌ ጨው እንደ ዝርዝር እንደሚያገለግለው ሁሉ ጥይትም በመልስነት ይሰጥ ነበር። በዝናሩ የታጠቀውን እየመነዘረ የሚበላ ወታደር አስቡት!

ሦስተኛው ነገር የሆነው አርሲ ውስጥ ነው። ከ1882 ጀምሮ የሸዋ ጦር አርሲን ለመያዝ በተደጋጋሚ ዘምቷል፤ ምኒልክ ራሳቸውም ዘምተዋል። የአርሲ ኦሮሞዎች እንደ ሌንጂሶ ዲጋ ባሉ መሪዎቻቸው እየተመሩ በጦር፣ በጋሻና በፈረስ ለአራት ዓመታት ያህል ተከላከሉ። ይህን ጊዜ ልብ በሉልን። ጠመንጃ የያዘን ጦር በጦርና በጋሻ አራት ዓመት ማቆም ቀላል ነገር አይደለም። በ1878 ዓ.ም. መገባደጃ አዙሌ ላይ ግን የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ የመሩት ጦር ድል አደረገ። ብዙ ሕዝብ አለቀ። ፈረሰኛው ያነሰው በጀግንነት አልነበረም፤ ያነሰው ወደብ፣ ነጋዴና ናስ ስላልነበረው ነው። የሸዋ ጥይት ሲያልቅ ከታጁራ ሌላ ይመጣል። የአርሲ ጥይት ግን ከየት ይመጣል?

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። መሬቱ ለዘማቹ ተሰጠ፣ ገበሬው ገባር ሆነ፤ ይህ ሥርዓት በተለያየ መልክ እስከ 1967ቱ (ዓ.ም.) የመሬት አዋጅ ቆየ። ዛሬ እንደ ስድብ የምንወራወረው «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል ሥሩ ነፍጥ፣ ማለትም ጠመንጃ ነው። በሄጦሳ ወረዳ አኖሌ ላይ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው ሐውልትም የዚያን ዘመን ቁስል ይዞ ቆሟል፤ እስከ ዛሬም ያከራክረናል።

አሁን አሥር ዓመት ወደፊት እንሂድ። ጣልያን የውጫሌን ውል እንዲቀበሏት ምኒልክን ለማባበል በ1893 መጀመሪያ 2 ሚሊዮን ጥይት ላከችላቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥይቱን ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት ውሉን እንደማያውቁት ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነውን መንገር አያስፈልገንም። አስገራሚው ነገር፣ ጣልያን አዲሱ ጢስ አልባ ጠመንጃ እያላት የድሮውን የቬተርሊ ጥይት ክምችት ለመጨረስ ብላ ወታደሮቿን አራት ጥይት በሚጎርሰው ባለ ካዝና ቬተርሊ አስታጥቃ ማዝመቷ ነው። በሁለቱም ወገን የጥቁር ባሩድ ጢስ ተነሳ። ጠላታችን ለመዳፈር ያመጣው አሮጌ ጥይት፣ እኛ ቀድመን ገዝተን ካከማቸነው አሮጌ ጥይት ጋር ተገናኘ።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ነጥብ። ዓድዋን ያኮራን ጥይትና አዙሌን ያስለቀሰ ጥይት በአንድ መንገድ፣ በአንድ ዘመን የመጡ ናቸው። ምናልባትም አንዱ ቀለህ ሁለት ጊዜ ተሞልቶ ሁለቱንም ቦታ አይቶ ይሆናል። ከእኛ መካከል አንዱ ዓድዋን ብቻ ይተርካል፣ ሌላው አዙሌንና አኖሌን ብቻ። ሁለቱም የያዙት እውነት ነው፤ ሁለቱም ግን ግማሽ ነው። የዓድዋን ድል ስናከብር የአርሲውን ሐዘን ብንሰማ ድሉ አይቀንስም። የአርሲን ሐዘን ስንናገርም ዓድዋን ለሌላ ሰው መተው የለብንም፤ እዚያ የተዋደቁት የኦሮሞ ፈረሰኞችም የእኛው ናቸው።

ለፈረንጆቹ ባለ ትርፍ ጊዜዎች ቀለህ መሙላት ጨዋታ ነው፤ ተኩሰው፣ ጢሱ ሲበተን ወደ ቤታቸው ይገባሉ። የእኛ ጢስ ግን እስካሁን አልተበተነም። አቦምሳ ወይም አሰላ ለመሄድ ዕድሉ ከገጠማችሁ፣ ከሩጫው ወሬ ቀጥሎ ለሽማግሌዎቹ ስለ አዙሌ አንድ ጥያቄ አቅርቡላቸው። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ።