የጭነት ታሪፍ በጣቢያ ግድግዳ ላይ እስኪለጠፍ፦ የአነስተኛ አስጫኞች የትግል ታሪክ

ምርት ከማሳ ተሰብስቦ ገዢው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በመካከል ያለው መንገድ ራሱን የቻለ ወጪ አለው። ይህ ወጪ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደወሰነውና ለሁሉም አስጫኝ እኩል መሆን አለመሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ያልፋል። አንድ ኩንታል የያዘ አርሶ አደርና መቶ ኩንታል የያዘ ነጋዴ በአንድ መኪና ጭነው በኩንታል የተለያየ ሂሳብ ሲከፍሉ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ጉዳዩ የአንድ ዘመንም ሆነ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ከ130 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የአሜሪካን አርሶ አደሮች አደራጅቶ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትና ምክር ቤት ያደረሳቸው ይኸው የማጓጓዣ ዋጋ ጥያቄ ነበር።

እኩል ጭነት፣ ሁለት ዋጋ

የአሜሪካን ምሥራቅና ምዕራብ የሚያገናኘው የባቡር ሐዲድ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። በመካከለኛው ምዕራብ ለሚኖሩ እህል አምራቾች ባቡር ሰፊ ገበያ ከፍቶላቸዋል። ይሁን እንጂ ሁለትና ሦስት ኩባንያዎች በሚወዳደሩበት ከተማ ታሪፉ ሲወርድ፣ አንድ ኩባንያ ብቻ በሚያልፍበት ትንሽ ጣቢያ ግን ዋጋው ኩባንያው እንደፈቀደ ሆነ። አርሶ አደሩ ሌላ አማራጭ ስለሌለው የተጠየቀውን ይከፍላል፣ አለዚያም እህሉን ይዞ ይቀመጣል። የበቆሎ ዋጋ በጣም በወደቀባቸው ዓመታት በካንሳስና በኔብራስካ የነበሩ አንዳንድ አርሶ አደሮች በቆሏቸውን እንደ ማገዶ አንድደውታል። ሽያጩ የማጓጓዣውን ወጪ ካልሸፈነ ምን ይደረጋል?

ነገሩን በግልጽ የሚያሳየው በኢሊኖይ ግዛት በዋባሽ የባቡር ኩባንያ ላይ የቀረበው ክስ ነው። ኩባንያው ከፒዮሪያ ከተማ ወደ ኒውዮርክ ፋጉሎ፣ ከጊልማን ከተማ ደግሞ ወደዚያው ወደ ኒውዮርክ በቆሎ ጫነ። የእያንዳንዱ ጭነት ክብደት 26,000 ፓውንድ፣ ማለትም 118 ኩንታል ገደማ ነበር። የፒዮሪያው አስጫኝ 39 ዶላር ሲከፍል የጊልማኖቹ 65 ዶላር ከፈሉ። ጊልማን ግን ከፒዮሪያ ይልቅ ለኒውዮርክ በ86 ማይል (138 ኪሎ ሜትር ያህል) የቀረበች ናት። የቀረበው አብዝቶ፣ የራቀው አሳንሶ ከፈለ ማለት ነው። ኩባንያው ይህን አላስተባበለም። የተከራከረው የኢሊኖይ ሕግ ከግዛቲቱ አልፎ በሚሄድ ጭነት ላይ ሊሠራ አይችልም በማለት ነበር።

ሁለተኛው በደል በድብቅ የሚፈጸም ነበር። ትልልቅ አስጫኞች በይፋ የተነገረውን ታሪፍ ከፍለው ከፊሉ በጓሮ በር ይመለስላቸዋል። ከዚህ ዓይነት ውሎች ሁሉ የከፋው እ.ኤ.አ. በ1872 ሳውዝ ኢምፕሩቭመንት በተባለ ድርጅት ስም ሦስት የባቡር ኩባንያዎችና ጥቂት ነዳጅ አጣሪዎች ያደረጉት ነው። ከአጣሪዎቹ አንዱ ጆን ሮክፌለር ነበር። በውሉ መሠረት አባል አጣሪዎች ከራሳቸው ክፍያ ተመላሽ የሚያገኙ ሲሆን፣ ተፎካካሪዎቻቸው ለጭነት ከሚከፍሉት ላይም ድርሻ ሊቆረጥላቸው ነበር። ያልጫኑት ጭነት ገቢ ሊያስገኝላቸው ነው! ምስጢሩ ሲወጣ የፔንሲልቬንያ ነዳጅ አምራቾች ተባብረው ለእነዚህ ገዢዎች አንሸጥም በማለታቸው፣ ግዛቲቱም የድርጅቱን ፈቃድ በመሰረዟ ውሉ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

የግሬንጅ ማኅበራት

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1867 ኦሊቨር ኬሊ የተባለ የቀድሞ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ግሬንጅ እየተባለ የሚጠራውን የአርሶ አደሮች ማኅበር መሠረተ። መጀመሪያ የታሰበው ለትምህርትና ለማኅበራዊ ኑሮ ነበር። ሴቶች ከወንዶች እኩል አባል እንዲሆኑ መደረጉም በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነው። ውሎ አድሮ ግን በስብሰባው ሁሉ የሚነሳው የባቡር ታሪፍና የመጋዘን ኪራይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1875 የአባላቱ ቁጥር ከ800,000 በላይ ደርሶ ነበር።

በኢሊኖይ፣ በአዮዋ፣ በዊስኮንሲንና በሚኔሶታ የታሪፍ ጣሪያ የሚወስኑ ሕጎች ወጡ። በቺካጎ የእህል መጋዘን የነበራቸው መንና ስኮት የተባሉ ባለሀብቶች የኢሊኖይን ሕግ በመጣሳቸው 100 ዶላር ተቀጡ። ቅጣቱ ትንሽ ቢሆንም ጉዳዩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ተጓዘ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1877 ሕዝብ ሁሉ የሚገለገልበትን ሥራ የያዘ ባለንብረት ዋጋውን መንግሥት ሊቆጣጠርበት ይችላል ሲል ወሰነ።

ማኅበራቱ ስህተትም ነበረባቸው። የአዮዋ ግሬንጅ የአጨዳ ማሽን አመርታለሁ ብሎ ገብቶ ከስሯል። በጥቂት ዓመታት ውስጥም አብዛኛው አባል ማኅበሩን ለቆ ወጣ። የተሳካላቸው ጭነትንና ግዢን በአንድ ላይ በማሰባሰቡ በኩል ነበር። ይህ ለእኛም አገር ዩኒየኖች እንግዳ አይደለም። በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ቡና 320 ጆንያ ይጫናል። ከጓሮው ይህን ያህል የሚያገኝ አነስተኛ አርሶ አደር ስለሌለ፣ በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ ኋላም በተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 የተደራጁት መሠረታዊ ማኅበራትና ዩኒየኖች የአባላቱን ቡና አሰባስበው ኮንቴይነሩን ይሞላሉ።

የ1887ቱ ሕግ

በዋባሽ ጉዳይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1886 ለኩባንያው ፈረደ። ግዛቶች ከድንበራቸው አልፎ የሚሄድን ጭነት ሊቆጣጠሩ አይችሉም ተባለ። ውሳኔው አርሶ አደሮቹን ቢያሳዝንም የማዕከላዊው መንግሥት ምክር ቤት ሕግ እንዲያወጣ አስገደደው። ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ የካቲት 4 ቀን 1887 (እ.ኤ.አ.) በፈረሙት ሕግ መሠረት በግዛቶች መካከል የሚደረግ ንግድን የሚቆጣጠር አምስት አባላት ያሉት ኮሚሽን ተቋቋመ። ታሪፍ ተገቢና ትክክለኛ እንዲሆን፣ ድብቅ ተመላሽ እንዲቀር፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ለአጭር መንገድ ከረጅሙ መንገድ አብልጦ ማስከፈል እንዲከለከል ተደነገገ።

ከሁሉም ለተራው አስጫኝ የጠቀመው ግን ታሪፉ ታትሞ በየጣቢያው እንዲቀመጥ፣ ዋጋ ሲጨመርም ከ10 ቀን በፊት ለሕዝብ እንዲገለጽ መታዘዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ በየጣቢያው በሁለት ግልጽ ቦታዎች እንዲለጠፍ ተወሰነ። ከዚያ በፊት አስጫኙ ዋጋውን የሚሰማው ከጣቢያው ሠራተኛ አፍ ነበር። ጎረቤቱ ስንት እንደከፈለ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

የተለጠፈ ወረቀት ብቻውን ግን አልበቃም። እስከ 1905 ድረስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከደረሱት 16 የታሪፍ ጉዳዮች በ15ቱ የባቡር ኩባንያዎቹ ረቱ። ኮሚሽኑ ዋጋ የመወሰን ሥልጣን የለውም የተባለውም በ1897 ነው። ድብቅ ተመላሽ የሰጠም የተቀበለም በወንጀል እንዲጠየቅ የተደረገው በ1903፣ ኮሚሽኑ የታሪፍ ጣሪያ እንዲወስን ሥልጣን ያገኘው ደግሞ በ1906 ነው። ከመጀመሪያው ሕግ እስከዚህ ድረስ 19 ዓመት ፈጅቷል።

ለትንሹ ጥቅል

ባቡሩ ይህን ያህል ሲያከራክር፣ ሙሉ ፉርጎ የማይሞላ ዕቃ ያለው ሰው ሌላ ችግር ነበረበት። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ከ4 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ጥቅል ስለማይቀበል፣ ከዚያ በላይ ያለውን የሚያጓጉዙት ጥቂት የግል ኩባንያዎች ነበሩ። እነርሱም ገጠር ድረስ አይገቡም ነበር። ጥር 1 ቀን 1913 (እ.ኤ.አ.) ፖስታ ቤት እስከ 11 ፓውንድ (5 ኪሎ ያህል) የሚመዝን ጥቅል መቀበል ጀመረ። አገሪቱ እንደ ርቀቱ በቀጠና ተከፋፍላ፣ ሂሳቡ በክብደትና በቀጠና ብቻ እንዲታሰብ ተደረገ። ላኪው ማን እንደሆነ አይጠየቅም። የክብደቱ ጣሪያ ብዙ ሳይቆይ ከፍ አለ፤ በ1914 አርሶ አደሮች እንቁላልና ቅቤ በቀጥታ ለከተማ ሰው በፖስታ እንዲልኩ የሚያበረታታ ፕሮግራም ተጀመረ።

የተመኑ ርካሽነት ፖስታ ቤቱን ራሱን ያስቸገረበት ጊዜም ነበር። በ1916 በዩታ ግዛት በቨርናል ከተማ ባንክ ሲሠራ፣ ጡቡ በ50 ፓውንድ በ50 ፓውንድ እየታሸገ ከሶልት ሌክ ሲቲ በፖስታ ተላከ። ፖስታ ቤቱም አንድ ላኪ ለአንድ ተቀባይ በቀን ከ200 ፓውንድ በላይ እንዳይልክ የሚከለክል ደንብ ለማውጣት ተገደደ።

ከዚያ በኋላ

የባቡሩ ታሪፍ ነገር ግን ወደ ኋላም ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሕግ ኩባንያዎቹ ከአስጫኞች ጋር በምስጢር ውል እንዲዋዋሉ ፈቀደ። ያን ጊዜ ብዙዎቹ ኩባንያዎች በኪሳራ ላይ ስለነበሩ ምክንያት አልታጣለትም። አሮጌው ኮሚሽን በ1995 መጨረሻ ፈርሶ ሌላ ቦርድ ተተካ፤ አንድ ሐዲድ ብቻ ያላቸው አካባቢዎች እህል አስጫኞች ዛሬም አቤቱታቸውን ለዚሁ ቦርድ ያቀርባሉ። በፖስታው በኩል ደግሞ አነስተኛ ነጋዴ የመላኪያ ሂሳቡን በኢንተርኔት አይቶ ሲከፍል በመስኮት ከሚከፈለው ባነሰ ዋጋ ይላካል፤ ዝርዝሩም ለማንም ክፍት ነው። ትልልቆቹ ላኪዎች ግን ለብቻቸው የተደራደሩበት ዋጋ አላቸው፤ እሱ በዝርዝሩ ላይ አይገኝም።