ከልጆች ጋር የተማረው ጌታ

ሆንዳ የሚለውን ስም በሞተር ብስክሌት ላይ ያላነበበ ወጣት ጥቂት ነው። እኔ ግን የዚህ ስም ባለቤት የሆነውን ሶይቺሮ ሆንዳን ሳስብ፥ ከሞተሩ ይልቅ ትዝ የሚለኝ ተማሪ ሆኖ የተቀመጠበት ወንበር ነው።

ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1906 በጃፓን አገር፥ በሀማማትሱ አጠገብ፥ ከአንጥረኛ ቤት ተወለደ። በ15 ዓመቱ ቶኪዮ ሄዶ በአንድ ጋራዥ ቢቀጠር፥ መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ የጌታውን ሕፃን ማዘል ሆነ። ዳሩ ግን ታግሦ ሙያውን ተማረና በ1928 በሀማማትሱ የራሱን ጋራዥ ከፈተ።

ኋላም የፒስተን ቀለበት ልሥራ ብሎ ተነሣ። ብረቱ ግን እንደሚፈለገው አልሆን አለው። ሊቃውንትን ቢጠይቅ፥ ሲሊኮን ይጐድለዋል አሉት፤ እሱም ይህን አያውቅም ነበር። በዚህ ጊዜ ዕድሜው 30 ዓመት ደርሷል፤ የሚያዝዛቸውም ሠራተኞች ነበሩት። እኔ ብሆን ባፈርሁ ነበር። እሱ ግን በሀማማትሱ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ከልጆች ጋር ተቀመጠ። ፈተና አልፈተንም ስላለ ዲፕሎማ ሳይሰጡት ቀሩ፤ በዚህስ አላመሰግነውም። አለማወቁን በልጆች ፊት አለመደበቁ ግን ይገርመኛል።

ከጦርነቱ በኋላ በ1946፥ ለሠራዊቱ ሬዲዮ ኤሌክትሪክ ያመነጩ የነበሩ ትንንሽ ሞተሮችን በብስክሌት ላይ እየገጠመ ይሸጥ ጀመር። በ1948 ኩባንያውን አቋቋመ፤ እስከ 1973ም በፕሬዚዳንትነት መራው።