በርና ባለቤት የነበራቸው የአራዳ ቤቶች

የጦር ሚኒስትሩ የፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም የወጣለት ድልድይ ከአራዳ ወደ መርካቶ ያሻግራል። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘባቸው ዓመታት በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው ትልቁ ገበያ ወደ ምዕራብ ሲዛወር ንግዱ በአመዛኙ ወዲያ ማዶ ተሻገረ፤ ፊልሙ፣ ቴአትሩና ዘፈኑ ግን እዚያው አራዳ፣ ፒያሳ ላይ ቀረ። የአዲስ አበባ ወጣት ከየዘመኑ አዲስ መገናኛ ጋር እንዴት እንደተዋወቀ ማወቅ የሚሻ ሰው ከዚህ ሰፈር የተሻለ መነሻ አያገኝም። ዛሬ ወላጁም መምህሩም ሹሙም ልጆች ስልክ ላይ ተጥደው መዋላቸውን አምርሮ ይናገራል። ቅሬታው እውነት አለው። የሚበዛው ወቀሳ ግን ስልኩ በሚያሳየው ነገር ላይ ያነጣጥራል። የአራዳ ታሪክ ደግሞ ወደ ሌላ ምክንያት ይመራናል፤ ወጣቱ ከጎረቤቱና ከታላቁ ጋር ሆኖ አዲስ ነገር ያይባቸው የነበሩ ቤቶች አንድ በአንድ ከእጃችን ወጥተዋል፤ ስልኩም ባዶውን ቦታ ወርሷል።

ለአዲስ መገናኛ መደንገጥ እንግዳ ነገር አይደለም። በምኒልክ ዘመን ስልክ ሲገባ ከሩቅ የሚመጣው ድምፅ የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ተብሎ ተቃውሞ እንደገጠመው ይተረካል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፒያሳ ላይ ተንቀሳቃሽ ምስል የሚያሳይ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ ስሙን «ሰይጣን ቤት» አለው። ይሁን እንጂ ያ የተፈራው ነገር የሚታይበት ቤት በር ነበረው። ገቢው ከፍሎ ይገባል፣ ከሌላ ሰው አጠገብ ይቀመጣል፣ ትርኢቱ ሲያልቅ ይወጣል። ማን እንደገባና ማን እንደወጣ መንደሩ ያውቃል። ፍርሃቱን ያበረደው የቀሳውስት ውግዘት ወይም የመንግሥት ክልከላ ሳይሆን ነገሩ በአደባባይ መለመዱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡትም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። በ1927 ዓ.ም. ለአርበኝነት ቅስቀሳ የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ኋላ የሙዚቃና የቴአትር ቤት ሆኖ ትውልዶችን አስተናገደ። ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር ወጣቱን በሰልፍ አቆሙት። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት ሲጀምር ስቱዲዮው እዚያው ፒያሳ፣ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር፤ መሣሪያው ያለው ቤተሰብ ጥቂት ስለነበር የሰፈሩ ልጅ ባለቴሌቪዥኑ ቤት እየተሰበሰበ ያያል። በ1960ዎቹ መባቻ አምኃ እሸቴ ሸክላ የማሳተሙን ሥልጣን በአዋጅ የያዘውን የሀገር ፍቅርን ብቸኝነት ደፍሮ የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ወጣቱ የራሱን ዘመን ድምፅ አገኘ። ሙዚቃ ቤቶቹም ከመሸጫነት አልፈው መገናኛ ሆኑ፤ ፒያሳ የነበረው የማህሙድ ሙዚቃ ቤት ለስንቱ ጥንድና ለስንቱ ጓደኛ የቀጠሮ ቦታ እንደነበር የከተማው ሰው ያውቃል። እነዚህ ሁሉ ሦስት ነገር ይጋራሉ፦ በር አላቸው፣ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓት አላቸው፣ በስሙ የሚጠራ ኃላፊ አላቸው።

ሦስቱ በአንድ ቀን አልጠፉም። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጭፈራ ሲያከስም ዘፈኑ በካሴት ወደ ቤትና ወደ ታክሲ ገባ። ቀጥሎ በየመንደሩ የተከፈተው ቪዲዮ ቤት ጨለማና ጠባብ ቢሆንም አሁንም ባለቤትና ደጅ ነበረው፤ ወላጅ ልጁን ፍለጋ የሚሄድበት ቦታ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ወደ አገራችን ሲገባና ኢንተርኔት ካፌው ሲስፋፋም ወጣቱ በሰዓት እየከፈለ ከማያውቀው ሰው ጎን ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። በ1991 ዓ.ም. የተጀመረው ሞባይል ግን መልእክቱን ኪስ ውስጥ ከተተው። የ1997ቱን ምርጫ ተከትሎ መንግሥት የአጭር ጽሑፍ መልእክትን ዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ማቆየቱ፣ በር የሌለው መገናኛ ገዥን ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የመጀመሪያው ግልጽ ምስክር ነው።

ዛሬ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ከ70 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል፤ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር ፉክክሩ ተጨመረ፤ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ከመኝታ እስከ መኝታ አብረው ይውላሉ። የመንግሥት ምላሽ በአብዛኛው መዝጋት ነበር። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሠራጭ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያው ለቀናት ተዘጋ። በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ እንደገና ሲገደብ ብዙው ወጣት በቪፒኤን ገባ። መዝጋት ወጣቱን ከስልኩ አላላቀቀውም፤ ከታላላቆቹ ዓይን የበለጠ መሰወርን ብቻ አስተማረው። በአንጻሩ በዚያው በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሄደው እንዲፈተኑ መደረጉ ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። ኩረጃን ለመግታት የተመረጠው መላ ቦታንና ኃላፊን ማስተካከል ነበር። ውጤቱ ሲወጣ ግማሽ ነጥብ ያለፉት ከመቶ አራት እንኳ አለመሙላታቸው መራራ ቢሆንም፣ የተማሪውን እውነተኛ አቅም ገልጦ አሳይቷል።

ለወጣቱ የሚያስፈልገው በርና ኃላፊ ያለው ቦታ ነው የሚለውን አሳብ የሚቃወሙ ሁለት ብርቱ ክርክሮች አሉ። አንደኛው፣ «ሰይጣን ቤት» ያለው ትውልድ እንደተሳሳተ ሁሉ የዛሬው ጭንቀትም ያልፋል የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው፤ ስልኩ ራሱ ሰይጣን አይደለም። ሆኖም ሲኒማው የተለመደው ሰው በጋራ ስላየው፣ ስላማው፣ ስለተከራከረበት ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው የሚያየውን ነገር በዚያ መንገድ መልመድ አይቻልም። ሁለተኛው ክርክር ይከብዳል፦ የድሮዎቹ ቤቶች ለሁሉም አልተከፈቱም። የመግቢያ ሳንቲም ያጣ ድሃ ውጪ ይቀር ነበር፤ ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ብትታይ ስሟ ይጠፋል፤ የሚታየውንና የሚሰማውንም ሳንሱር ይቆርጠው ነበር። ስልኩ ለነዚህ ሁሉ መስኮት ከፍቷል፤ ይህን መካድ በደል ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ቤቶቹ ይቅሩ የሚል አይሆንም፤ ልጃገረዷም ድሃውም ያለ ፍርሃት የሚገቡባቸው ቤቶች ይኑሩ የሚል ነው። ስልኩ የሰጣቸውን ነጻነት ይዘው ከሌላ ሰው ጎን የሚቀመጡበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል።

በዚህ ሰዓት ጉዳዩ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት ከዓይናችን ፊት ነው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተበትነዋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፤ ያረጁ ቤቶች ለኑሮ የማይመቹ እንደነበሩም አይካድም። ከግድግዳው ጋር ግን ልጅ ታላቁን የሚያገኝበት ደጅ፣ ሱቅና ካፌም አብሮ ሄዷል። አዲስ መንደር ውስጥ ማንንም የማያውቅ የ15 ዓመት ልጅ የድሮ ጓደኞቹን የሚያገኘው በቴሌግራም ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ስለዚህ ከተማውን የሚሠሩ ሰዎች ለእያንዳንዱ አዲስ መንደር ቤተ መጻሕፍት፣ አነስተኛ ሲኒማ፣ የሙዚቃና የውይይት አዳራሽ በዕቅዳቸው ያስገቡ፤ የሚከፍተውና የሚጠየቅበት ሰውም ይመድቡለት። ወላጆችም ልጁን «ስልክህን አስቀምጥ» ከማለታቸው በፊት ወዴት እንዲሄድ እንደሚፈልጉ ይንገሩት፤ የሚሄድበት ከሌለም አብረውት ሆነው ይጠይቁለት።