ከራጅ ክፍሉ ጀርባ ያሉት የፊዚክስ ሰዎች

እንሴኖ ላይ «ቡታጅራ ሄጄ ራጅ ተነሣሁ» ማለት የተለመደ ነው። ቃሉ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም። ራጅን እንደ መኪናና እንደ ጎማ ሁሉ ከጣሊያንኛ ነው የወረስነው፤ እነሱ ጨረሮች ለማለት «ራጂ» ይላሉ። የዘመኑ መገጣጠም ደግሞ ይገርማል። ጀርመናዊው የፊዚክስ መምህር ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው ኖቬምበር 8 ቀን 1895 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ አራት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ዓድዋ ሆነ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጣሊያን ጦር ሐኪም ኔፕልስ በሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ የሁለት ወታደሮችን ክንድ በራጅ አንሥቶ ጥይቱ የት እንዳለ አገኘ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል በዓለም የመጀመሪያው ይህ እንደሆነ በሕክምና ታሪክ ተመዝግቧል። የጦርነቱን ታሪክ ስናስተምር ይህን የምናነሣው ግን እምብዛም ነው።

ያኔ ጨረሩን የሚያነሣ እንጂ የሚለካ አልነበረም። መሣሪያው ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ የገዛ እጅን ከፊቱ ማድረግ የተለመደ ነበር። የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ እንዲህ ሲያደርግ ኖሮ ክንዶቹ ተቆረጡ፣ በ1904 እ.ኤ.አ. ሞተ። በጨረራ ሥራ ላይ ሳሉ ለሞቱ ሐኪሞችና ባለሙያዎች በ1936 እ.ኤ.አ. ሃምቡርግ ከተማ ሐውልት ሲቆም፣ ከመቶ ሃምሳ በላይ ስም ነው የተቀረጸበት። የሜዲካል ፊዚክስ ሙያ የተወለደው ከዚህ ነው። ሐኪሙ በሽታውን ይይዛል፣ ራዲዮግራፈሩ መሣሪያውን ያንቀሳቅሳል፤ «ስንት ጨረራ ወጣ? ለማን ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሦስተኛ ሰው ግን ያስፈልግ ነበር። ያ ሦስተኛ ሰው ከሕክምና ትምህርት ቤት አልመጣም። ከፊዚክስ ክፍል ነው የመጣው፤ በእኛም አገር እንደዚያው።

አገራችን የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተቋቋመበት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪው ገና እግር በመትከል ላይ ነበር። ምድር ስትንቀጠቀጥ የሚለካ ሰው ከብዙዎች ቀድመን አገኘን ማለት ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ጨረራ የሚለካውን ለማግኘት ግን ረዥም ጊዜ ጠበቅን። የራጅ ክፍሎች በየሆስፒታሉ እየተከፈቱ ሄዱ። ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ግን በአዋጅ የቆመው በ1986 ዓ.ም. ነው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1986፣ ብሔራዊ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 571/2000፣ ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 1025/2009 መጡ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሥራው በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ሥር ገብቷል። ስሙ ቢቀያየርም ሥራው ያው ነው፤ ፈቃድ መስጠት፣ መሣሪያ መመርመር፣ የሠራተኛን ባጅ ማንበብ።

ስለ ባጁ ትንሽ ልበል፤ ብዙዎቻችሁ በነርሶችና በራዲዮግራፈሮች ደረት ላይ አይታችሁት የስም መለያ መስሏችሁ ይሆናል። ውስጡ ትንሽ የሊቲየም ፍሎራይድ ቅንጣት አለች። ጨረራ ሲነካት ጉልበቱን ታምቃ ትይዘዋለች። ላቦራቶሪ ተወስዳ ስትሞቅ ያመቀችውን በብርሃን መልክ ትለቀዋለች፤ ብርሃኑ ሲለካ ሰውዬው ስንት እንደተቀበለ ይታወቃል። ለጨረራ ሠራተኛ የተፈቀደው በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው። ለሌላው ሰው፣ ኮሪደር ላይ ተራ ለሚጠብቀው ማለት ነው፣ በዓመት 1 ብቻ። ባጁን ለብሶ መዋል ቀላል ነው፤ በየጊዜው ልኮ ማስነበብና ውጤቱን ጠይቆ ማወቅ ነው ትልቁ ቁም ነገር።

አሁን ወደ ጥቁር አንበሳ እንምጣ። የአገሪቱ የመጀመሪያው የጨረራ ሕክምና ማዕከል እዚያ ሥራ የጀመረው በ1997 እ.ኤ.አ. በኮባልት 60 መሣሪያ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ለመላው ኢትዮጵያ ያለው ማዕከል ያው አንዱ ነበር። ከእንሴኖ የተነሣች የማሕፀን በር ካንሰር ያለባት እናትም፣ ከጎንደር የተነሣችም፣ ከጅግጅጋ የተነሣችም የሚሰለፉት እዚያው ነበር። ስለ ወረፋው ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሐኪሞቹ ማነስም እንዲሁ። ስለ ፊዚሲስቱ የተጻፈ ግን ፈልጉ ብትባሉ ይቸግራችኋል።

ሥራው ምን እንደነበር ላስረዳ። ኮባልት 60 ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። ምንጩ ቀንም ሌሊትም ጨረራ ይረጫል፤ መሣሪያው የሚያደርገው ከመከለያው ማውጣትና መመለስ ብቻ ነው። ጉልበቱ ደግሞ በየ5.27 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በወር ሲሰላ አንድ ከመቶ ገደማ ማለት ነው። ምንጩ አዲስ ሳለ ሁለት ደቂቃ የሚበቃት ታካሚ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ አራት ደቂቃ መተኛት አለባት። ሰንጠረዡን በየጊዜው የሚያርመው ፊዚሲስቱ ነው። ሰው አብዛኛው አካሉ ውኃ ስለሆነ፣ ፋንቶም የሚባል የውኃ ገንዳ ከመሣሪያው ሥር አስቀምጦ፣ ውስጡ አዮናይዜሽን ቻምበር ከትቶ ይለካል። ቻምበሩ ትክክል ስለመሆኑ ማን ይመሰክራል? አዲስ አበባ ያለው የባለሥልጣኑ የዶዚሜትሪ ላቦራቶሪ። የላቦራቶሪውንስ? ቪየና አጠገብ ዛይበርስዶርፍ ያለው የኤጀንሲው ላቦራቶሪ። አንዲት እናት አልጋው ላይ ስትተኛ፣ ይህ ሁሉ የምስክር ሰንሰለት ከጀርባዋ አለ።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን የእኛ ማዕከል ሥራ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀድሞ ኮስታ ሪካ ላይ ታየ። በ1996 እ.ኤ.አ. ሳን ሆሴ ከተማ ውስጥ ኮባልቱ በአዲስ ምንጭ ተተካ። ልኬቱ በተሠራበት ጊዜ 0.3 ደቂቃ የነበረው እንደ 30 ሰከንድ ተቆጠረ። ሦስት አሥረኛ ደቂቃ ግን 18 ሰከንድ ነው። በዚህ ምክንያት አዲሱ ምንጭ ከእውነተኛ ጉልበቱ ደካማ መስሎ ተመዘገበ፤ ታካሚዎችም ከሚገባው በላይ ረዘም ላለ ጊዜ ጨረራ ላይ ተኙ። ስህተቱ ሳይታወቅ 115 ሰዎች ታከሙ፤ ከእነሱ የሞቱም፣ ሽባ የሆኑም አሉ። ሁለተኛ ሰው ያንን ሒሳብ እንደገና ሠርቶት ቢሆን አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። የአራት ኪሎ ልጆች የሆናችሁ፣ በመጀመሪያው ዓመት ላብ ውስጥ «ዩኒት! ዩኒት ጻፉ!» እየተባለ ቀይ እስክሪብቶ የዘነበብን ለምን እንደነበር አሁን ይገባችኋል።

በአገራችን ይህን ሥራ የሠሩት ሰዎች ቁጥራቸው በጣት የሚቆጠር ነበር። አብዛኞቹ ፊዚክስ ተምረው፣ በኤጀንሲው ስኮላርሺፕ ውጭ ሄደው ሙያውን ቀስመው የተመለሱ ናቸው። ከፊሎቹ ሆስፒታል ገቡ፣ ከፊሎቹ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት። ሲመለሱ የሥራ መደባቸው እንኳ በደንብ የታወቀ አልነበረም፤ ሐኪም አይደሉም፣ መሐንዲስ አይደሉም፣ መምህርም አይደሉም። ይህ ቀልድ አይደለም። መደብ ከሌለ የደመወዝ እርከን የለም፤ እርከን ከሌለ ሰው አይቆይም።

መንግሥት ለስድስት ማዕከሎች፣ ለጥቁር አንበሳ፣ ለጅማ፣ ለሐዋሳ፣ ለጎንደር፣ ለመቀሌና ለሐረማያ፣ ሊኒየር አክሰለሬተር ሲገዛ ጥያቄው ፈጥጦ መጣ። ሊናክ እንደ ኮባልት አይደለም። መብራት ሲጠፋ ጨረራውም ይጠፋል፣ ይህ ጥሩ ነው፤ ግን በየማለዳው ሳይለካ ታካሚ አይተኛበትም። ማሽን በግዢ ይመጣል፤ ፊዚሲስት ግን ከማስተርስ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ በአለቃ ሥር ዓመታት ሠርቶ ነው የሚበስለው። ዩኒቨርሲቲያችን በሜዲካል ፊዚክስ ማስተርስ ማስተማር መጀመሩ ስለዚህ ትልቅ ነገር ነው። የተማሪዎቹ መመረቂያ ጽሑፎች የአዲስ አበባ ሆስፒታሎችን የራጅ መሣሪያ የለኩ ናቸው፤ መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጡ ለየሆስፒታሉ ኃላፊ ቢደርሱ ይሻላል እላለሁ።

እዚህ ላይ ነው የማማከር አገልግሎት ጉዳይ የሚነሣው። አንድ ሰው ቡታጅራ ወይም ወልቂጤ ላይ ክሊኒክ ከፍቶ ራጅ ሊተክል ቢያስብ፣ ግድግዳው ስንት ሚሊሜትር እርሳስ ይፈልጋል? በሩ ወደ የት ይከፈት? ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው አለ? ርቀት እጥፍ ሲሆን ጨረራው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ አንዳንዴ ከውድ እርሳስ ይልቅ አልጋውን ማዘዋወር ይበቃል። ይህን የሚነግረው ማነው? መሣሪያውን የሸጠው ነጋዴ እንዳይሆን። እንሴኖ በበርበሬ ገበያዋ የታወቀች ናትና የአገሬ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ አያስፈልገውም፤ ሻጩ ራሱ ባረመው ሚዛን ማረቆ በርበሬ የሚገዛ የለም። ተቆጣጣሪውም ቢሆን አማካሪ ሊሆን አይገባም። ዛሬ «እንዲህ ሥራው» ብሎ ያማከረውን ነገ በምን ዓይኑ ሊመረምረው ነው? ባለሙያ ባልነበረበት ዘመን ልኬቱም ቁጥጥሩም አንድ ቤት መሆኑ ግድ ነበር፤ ለያኔው ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። አሁን ግን ተመራቂ እያለን በዚያው መቀጠል የለብንም።

የእኔ ሐሳብ ከአዲስ አበባ ውጭ እንዲጀመር ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ለቡታጅራ እንግዳ አይደለም። የሕክምና ፋኩልቲው የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ አካሂዶ፣ ውልደትና ሞትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል፤ በዚያ መረጃ ስንቱ ዶክትሬቱን ሠርቷል። ሰዎቹን ቆጥረናል፣ የተቀበሉትን ጨረራ ግን አልቆጠርንም። ሦስት አራት ፊዚሲስቶች ተሰባስበው፣ አንድ የተመሰከረለት መለኪያና አንድ ፋንቶም ይዘው፣ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ፣ ከዚያም በእንሴኖ በኩል እስከ ዝዋይ መስመር ያሉትን ራጅ ክፍሎች በዓመት አንድ ጊዜ መዞር ይችላሉ። የአንድ ክፍል ልኬት ከግማሽ ቀን አይበልጥም።

የሚጎድለው ለመለኪያው መግዣ የሚሆን የውጭ ምንዛሪና በየዓመቱ ዶዚሜትሪ ላቦራቶሪ እየወሰደ የሚያስመሰክር ሰው ነው። የማኅበራችን አባላት ከሆናችሁት ውስጥ በአሜሪካና በአውሮፓ ሆስፒታሎች በዚሁ ሙያ የምትሠሩ አላችሁ። ሆስፒታሎቻችሁ መሣሪያ ሲቀይሩ አሮጌውን ቻምበርና ኤሌክትሮሜትር የት እንደሚያደርሱት ጠይቁልን።