ቡአ (ሄርኒያ)፦ ምልክቶቹ፣ አደጋውና ሕክምናው

ቡአ በሆድ ግድግዳ ላይ ባለ ደካማ ቦታ በኩል አንጀት ወይም የሆድ ውስጥ ስብ ወደ ውጭ ሲገፋ የሚፈጠር እብጠት ነው። በአብዛኛው የሚታየው በብሽሽት ሲሆን፣ በወንዶች እስከ ቆለጥ ከረጢት ሊወርድ ይችላል። በእምብርት ወይም በቀድሞ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ላይም ይወጣል። በቆለጥ ዙሪያ የሚቋጠር ውኃም በተለምዶ ቡአ ስለሚባል፣ ሁለቱን ለመለየት በሐኪም መታየት ያስፈልጋል።

መንስኤው ምንድን ነው?

አንዳንድ ሰዎች ክፍተቱን ይዘው ይወለዳሉ፤ በሌሎች ደግሞ ጡንቻው ከዕድሜ ጋር ይደክማል። የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ በሽንት ጊዜ ማማጥ፣ እርግዝናና ከባድ ሸክም ያባብሱታል። በሀዲያና በከምባታ ገጠር እንጨትና ውኃ ተሸክሞ ዳገት መውጣት፣ እንሰት ነቅሎ መፋቅ የዕለት ተዕለት ሥራ በመሆኑ ይህ ለብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው ችግር ነው። ቡአ እርግማን ወይም የአባላዘር በሽታ አይደለም። አፍረው አይደብቁት።

ሴቶችንም ይይዛል። ከብሽሽት ዝቅ ብሎ ጭን ሥር የሚወጣው ዓይነት በሴቶች ላይ ይበዛል፤ የመታነቅ ዕድሉም ከፍ ያለ ነው።

ምልክቶቹ

ሲቆሙ፣ ሲያስሉ ወይም ሲያነሱ የሚወጣ፣ ሲተኙ የሚገባ እብጠት ዋነኛው ምልክት ነው። የመክበድ ወይም የማቃጠል ስሜት ሊኖረው ይችላል።

ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል የሚሄዱት መቼ ነው?

• እብጠቱ ጠጥሮ አልመለስ ካለና ካመመ
• ማስታወክ ከጀመረ
• ሆድ ከተነፋ፣ ዐይነ ምድርና አየር መውጣት ካቆመ
• በእብጠቱ ላይ ያለው ቆዳ ከቀላ ወይም ከጠቆረ

እነዚህ ቡአው መታነቁን ያሳያሉ። የታነቀ አንጀት ደም ስለማይደርሰው በሰዓታት ውስጥ ሊሞትና ሊበሳ ይችላል። ያኔ ቀላል የነበረው ጥገና አንጀት ቆርጦ ወደ መቀጠል ይለወጣል፤ ሕይወትም ያሳጣል። አያሹት፣ በኃይል ገፍተው ለመመለስ አይሞክሩ፣ ምግብና መጠጥ ያቁሙ። ሌሊት ቢሆንም እስኪነጋ አይጠብቁ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎልዎት ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ይሂዱ። ሆሳዕና ላይ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል የሆነው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ በዱራሜም ሆስፒታል ይገኛል።

ሕክምናው

ቡአ በመድኃኒት ወይም በመታጠቂያ አይድንም፤ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመ በ720 ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ብዙም ለማያም የብሽሽት ቡአ በክትትል መቆየት እንደሚቻል አሳይቷል፤ የታነቀባቸው በዓመት ከ1,000 ሰው ከ2 ያነሱ ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ግን ሆስፒታል በቅርባቸው ነበር። መኪና በቀላሉ በማይገኝበት ቀበሌ የሚኖሩ ከሆነ፣ በደህና ቀንዎ ቀጠሮ ይዘው መሠራቱ ይሻላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያዎን ይያዙ።

በአዋቂዎች ጥገናው ብዙ ጊዜ ሜሽ በተባለ መረብ ይጠናከራል። ዋጋው ለብዙ አገሮች እንቅፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመው የኡጋንዳ ጥናት ግን፣ በ302 ወንዶች ላይ ከአጎበር ጨርቅ የተሠራና በሚገባ ከጀርም የጸዳ ርካሽ መረብ ከውዱ ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንዳለው አሳይቷል።

በሕፃናት የእምብርት ቡአ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይዘጋል፤ ሳንቲም ማሰር አይጠቅምም። የብሽሽቱ ግን በራሱ ስለማይዘጋ መሠራት አለበት።

የቁስል ኢንፌክሽንን መከላከል

በኢትዮጵያ 5 ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በተካሄደ ሥራ፣ እጅና ቆዳን በአግባቡ ማጽዳት፣ የመሣሪያ ንጽሕናን ማረጋገጥና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትን በሰዓቱ መስጠትን የመሳሰሉ እርምጃዎች የቁስል ኢንፌክሽንን በ35 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። የእርስዎም ድርሻ አለ፦

• ከቀዶ ሕክምና በፊት ገላዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ቦታውን በምላጭ አይላጩ።
• ቁስሉ ላይ ቅቤ ወይም ቅጠል አያድርጉ።
• ሐኪምዎ እስኪፈቅድልዎ ከባድ ነገር አያንሱ።
• ቁስሉ ከቀላ፣ መግል ካወጣ ወይም ትኩሳት ካለዎት ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ይመለሱ።

ይህ ጽሑፍ የሐኪም ምርመራን አይተካም። እብጠት ካለብዎት ሳያምዎ በፊት ይታዩ።