የመርከብ መኝታ ክፍል ቁልፍ ካርድ
ፕላስቲክና መግነጢሳዊ ጭረት፣ 8.6 × 5.4 ሳ.ሜ

ካርዱን ቀረብ ብለው ይመልከቱት። የመርከቡና የተሳፋሪው ስም፣ በአደጋ ጊዜ የሚሰበሰቡበት ቦታም ታትሞበታል፤ የክፍሉ ቁጥር ግን የለም። ሆን ተብሎ ነው፤ ካርዱ ቢወድቅ ያገኘው ሰው የትኛውን በር እንደሚከፍት አያውቅም። ጫፉ ላይ ያለችው ቀዳዳ የአንገት ማንጠልጠያ ማስገቢያ ናት።

እንዲህ ያለውን በየእንግዳው ኮዱ የሚለወጥ የካርድ ቁልፍ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፈለሰፈው ኖርዌያዊው ቶር ሶርነስ ነው። የእሱ ካርድ ግን ኮዱን የሚይዘው በመግነጢሳዊ ጭረት ሳይሆን በቀዳዳዎች ነበር።

አሜሪካ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ፣ ከዚያ ወዲህ ተሠርተው ከአሜሪካ ወደቦች ተሳፋሪ የሚያጓጉዙ ትልልቅ መርከቦች የመኝታ ክፍሎች የውስጥ መቀርቀሪያና በጊዜ የተገደበ ቁልፍ ሊኖራቸው ይገባል። ሕጉ በባሕር ጉዞ ላይ ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ለዓመታት ያሰሙት ጩኸት ፍሬ ነው።